ማይኩን ይዤ ወደ ኋላ ሸሸሁ

የእኔ እንጀራ ሰርግ ነው። ሰርግ፣ መንዙማ፣ አልፎ አልፎ ለበዓል የሚወጣ ነጠላ ዜማ። ደሴ ፒያሳ ውስጥ ግድግዳዋን በስፖንጅ የለበጥኳት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ፤ እዚያ ውስጥ አስራ ምናምን ዓመት ድምፅ ስቀዳ ኖሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር እስከ ባለፈው ሚያዝያ ድረስ የማውቀው ዘዴ አንድ ብቻ ነበር፤ ማይኩን ወደ አፍ ማስጠጋት። የዘፋኙ ድምፅ ካነሰ ታስጠጋዋለህ። ከበዛ ጌይኑን፣ ማለትም ከማይኩ የሚመጣውን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ፣ ትቀንሳለህ። የተረፈውን ኮምፕሬሰር (ጮክ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበው መሣሪያ) ይጨርሰዋል። በዚህ ዘዴ ልጆች አሳድጌያለሁና ክፉ አልናገርበትም።

ታዲያ ከፋሲካ በፊት የአብሮ አደጌ ታናሽ እህት ከውጭ ደወለችልኝ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ሰፈራችን አንድ ነበር፤ እኛ ኳስ ስናባርር እሷ አጥር ላይ ተቀምጣ ስትጮህ ትዝ ይለኛል። በኋላ አዲስ አበባ ሄደች፣ ከዚያ አውሮፓ ሄደች፣ ኦፔራ ተማረች ሲባል ሰማን። ኦፔራ ምን እንደሆነ በደንብ የገባው ሰው ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም፤ ግን «ጎበዝ ሆናለች» ተባባልን።

«ጋሼ፣ ደሴ ልመጣ ነው» አለችኝ። «አያቴ በሕይወት እያለች አንድ ጊዜ ፊቷ መዝፈን እፈልጋለሁ። በፒያኖ ብቻ። ሰው እንጠራለን፣ አንተ ትቀዳልኛለህ።»

«አብሽሪ» አልኳት። ምን እንደምቀበል ሳላውቅ።

የመጀመሪያው ጣጣ ፒያኖ ነበር። ደሴ ኪቦርድ ሞልቷል፤ እውነተኛ ፒያኖ፣ ባለ ጅማቱ፣ ባለ መዶሻው ግን ፈልገህ የምታገኘው ነው። አይጠየፍ ውስጥ ቢሆን ብዬ ተመኝቼ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ውስጥ ሶፕራኖ፣ ቀጭኑንና ከፍተኛውን የሴት ድምፅ የምታወጣ ዘፋኝ፣ ስትዘፍን አስቡት። ግን ፒያኖ ተሸክመህ የምትዞርበት ነገር አይደለም፤ ፒያኖው ወዳለበት አንተ ትሄዳለህ። ዞሮ ዞሮ አንድ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አንድ ፒያኖ ተገኘ። የአዳራሹን ስም አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል። ፒያኖው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ የተደራረበ የስም መዝገብና አንድ የተሰበረ ግድግዳ ሰዓት ነበር። ክዳኑን ስንከፍተው ደግሞ የአይጥ ጎጆ። አይጧ ጎጆዋን የሠራችው ከምን ይመስላችኋል? ከመዶሻዎቹ ስር ከቦጨቀችው ሱፍ።

ቃኚ ከአዲስ አበባ አስመጣን። 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ተጉዞ መጥቶ ክዳኑን ከፈተና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ቀን ተኩል ሠራ። ፒያኖ 88 ቁልፍ ስላለው 88 ጅማት ያለው ይመስለን ነበር፤ ወደ 230 ገደማ ነው። መሀል ላይና ወደ ቀጭኑ በኩል ያለው እያንዳንዱ ድምፅ ሦስት ሦስት ጅማት አለው፣ ሦስቱም አንድ ካልሆኑ ድምፁ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ይሄኛው ፒያኖ ደግሞ በጠቅላላው ወርዶ ነበር። በአንድ ጊዜ ወደ መደበኛው ቅኝት፣ ወደ 440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) ልጎትተው ቢል ያረጁት ጅማቶች ሊበጠሱ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በግምት ከፍ አደረገው፣ አሳረፈው፣ በማግስቱ እንደገና ከመጀመሪያው ቃኘው። የፒያኒስቱ ወንበር ሲጢጥ ሲል ደግሞ ወንበሩን አውጥተን ተራ የእንጨት ወንበር ላይ ጋቢ አጣጥፈን አኖርንበት።

በዚህ መሀል የበልጉ ዝናብ አለ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው። ወሎ ውስጥ በልግ ሲዘንብ በቆርቆሮ ቤት ያደረ ሰው ያውቀዋል፤ እንኳን ዘፈን የራስህም ሐሳብ አይሰማህም። እዚህ ላይ ምንም ዘዴ የለም። ፀሎት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይፀልያል፤ ለምዶብናል።

ልምምዱ ሐሙስ ዕለት ተጀመረ። እኔ የማውቀውን አደረግሁ። ማይኩን ስታንድ ላይ አቁሜ ከአፏ አንድ ስንዝር ተኩል ላይ አመጣሁት። ዘፈነች። ደስ የሚል ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ያን ያህልም የማይጮህ። ጌይኑን በዚያው ልክ አስተካከልኩ። «ይሄ ነው እንዴ ኦፔራ የሚሉት» ብዬ በልቤ ናቅሁትም መሰለኝ።

የማላውቀው ነገር ነበር። ኦፔራ ዘፋኞች ልምምድ ላይ ድምፃቸውን ይቆጥባሉ። ግማሹን ብቻ ነው የሚያወጡት፤ ከፍ ያለውን ኖታ አንዳንዴ ዝቅ አድርገው ያልፉታል። «ማርክ ማድረግ» ይሉታል። ጉሮሮ እንደ ጎማ አይቀየርማ። እኔ ደረጃውን ያስተካከልኩት በቁጠባው ድምፅ ነው።

መጨረሻ ላይ ፒያኒስቱ ምን እንዳላት እንጃ፣ አንዱን መዝጊያ በሙሉ ድምፅ ልሞክረው አለች። ትንፋሿን ሳበች። አየሁት፤ ጎኗ ሲሰፋ አየሁት። ከዚያ የሆነውን ሄድፎን አድርጎ የሰማ ነው የሚያውቀው። ሄድፎኑን ከጆሮዬ ላይ ነቅዬ ጣልኩት። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ከላይ ከታች ተቆርጦ እንደ ጡብ አራት ማዕዘን ሆኖ ቁጭ አለ። ቀይ ብቻ። መልሼ ስከፍተው ድምፅ ሳይሆን የተቀደደ ነገር ነው የሚሰማው። እንዲህ የተቀደደን ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር መልሶ አይሰፋውም፤ የጠፋው ጠፍቷል።

«ጋሼ፣ ማይኩን ምን ላድርገው ብለህ ነው እዚህ ያመጣኸው?» አለችኝ። በትህትና ነው፤ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ያኔ ማታ ቁጭ ብዬ ነገሩን አሰብኩት። ሰርግ ላይ የሚዘፍን ሰው የተማረው ለማይክ መዝፈን ነው። ዕድሜ ልኩን ማይክ ይዟል። ኦፔራ ዘፋኝ ግን የተማረችው ለመጨረሻው ወንበር መዝፈን ነው፤ ያለ ማይክ፣ ከኦርኬስትራ በላይ። ይሄ ጉልበት ብቻ አይደለም። የኦርኬስትራ ጉልበት የሚከማቸው 500 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ ከዚያ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። የሰለጠነ ዘፋኝ፣ በተለይ ወንዱ፣ 3,000 ኸርዝ ገደማ ላይ ድምፁን ይሰበስባል፤ ኦርኬስትራው ባዶ የተወለት ቦታ ላይ ማለት ነው። ስዊድናዊው ዮሃን ሰንድበርግ በ1970ዎቹ ለክቶ ያስረዳው ነገር ነው። የሰው ጆሮም እዚያው አካባቢ ላይ ነው ይበልጥ ንቁ የሚሆነው። ሶፕራኖ ወደ ላይኛው ኖታ ስትወጣ ደግሞ ሌላ ብልሃት አላት፤ መንጋጋዋን ትከፍታለች፣ አፏ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ከኖታው ጋር እንዲገጥም ታደርገዋለች፣ ድምፁ በራሱ ይገዝፋል። ይሄን ሁሉ የምታደርገው ድምፁ አዳራሹ ውስጥ ተዘርግቶ፣ ግድግዳ ነክቶ፣ ተዋህዶ እንዲደርስ ነው። እኔ አንድ ስንዝር ተኩል ላይ ማይክ ደቅኜ ምን ልሰማ ነው? ገና ያልበሰለ ወጥ መቅመስ ነው።

ሌላም አለ። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው። ከማይኩ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆማ ጭንቅላቷን ሌላ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ብትወስድ 6 ዴሲቤል ሄደ። ኦፔራ ዘፋኝ ደግሞ ዝም ብላ አትቆምም፤ ትወዛወዛለች፣ ትዞራለች፣ በእጇ ትናገራለች። 2 ሜትር ተኩል ላይ ግን ያንኑ 20 ሴንቲ ሜትር ብትንቀሳቀስ ለውጡ 1 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ሒሳቡ ይሄን ያህል ቀላል ነው። ስንት ሰርግ ላይ ማይክ ይዞ የሚዘል ዘፋኝ ስረግም ኖሬያለሁ።

አርብ ጠዋት ኮምቦልቻ ወርጄ ከጓደኛዬ ሁለት አንድ ዓይነት ትናንሽ ኮንደንሰር ማይኮች ተዋስኩ። አንድ እግር ላይ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ ጫፎቻቸው በ17 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ፣ በመካከላቸው 110 ዲግሪ ይከፈታሉ። የፈረንሳይ ሬዲዮ ሰዎች ያወጡት አሰላለፍ ነው፣ ስሙንም ከዚያው መሥሪያ ቤት ወስዶ ኦ.አር.ቲ.ኤፍ ይባላል። 17 ሴንቲ ሜትር ማለት በሁለት ጆሮ መካከል ያለው ርቀት ገደማ ነው። እኔ የለካሁት በልብስ ሰፊ ሜትርና በልጄ ፕሮትራክተር ነው። ልጄ ፈተና ስላለባት በማግስቱ እንድመልስ ምላ አስገዝታኛለች።

እግሩን ከዘፋኟ 2 ሜትር ተኩል ያህል ፊት ለፊት አቆምኩት፤ ከፍታው ከጭንቅላቷ በላይ፣ ወደ እሷና ወደ ፒያኖው ዝቅ ብሎ እንዲያይ። አሁን ጥያቄው ፒያኖው ነው። እንዲህ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ፒያኖ ድምፁን የሚያወጣው በጀርባው ነው፤ ድምፅ የሚያስተጋባው ትልቁ ጣውላ ያለው ከኋላ ነው። ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ታፈነ ማለት ነው። ስለዚህ ከግድግዳው አላቀን ጀርባውን ወደ ሰው እናዙረው አልኩ። የአዳራሹ ኃላፊ ደነገጡ።

«አያ፣ ለእንግዳ ጀርባ ይሰጣል እንዴ?»

ልክ ናቸው፤ ወሎ ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ላይ የፒያኖው ፊት ተወልውሎ ያብለጨልጫል፣ ጀርባው ደግሞ ያልተቀባ ጣውላና የሸረሪት ድር። ተከራከርን፣ ሻይ ጠጣን፣ ታረቅን። ፒያኖውን አግድም አዞርነው፤ ጀርባው ግማሽ ለሰው፣ ግማሽ ለግድግዳ። ጣውላው እንዳይታይ ስስ ነጠላ ጣልንበት፤ ስስ ጨርቅ ድምፅ ብዙም አይዝም። የላይኛውን ክዳን ከፈትነው። ፒያኒስቱም በክዳኑ በኩል አሻግሮ የዘፋኟን ትከሻ ያያል። እሱ የሚፈልገው ትከሻዋን ብቻ ነው። «አፏን አላይም፣ ትንፋሿን ነው የማየው» አለኝ። ትንፋሽ ስትስብ ትከሻና ጎን ይናገራል፣ እሱ ከዚያ ይነሳል። ሰርግ ላይ ኪቦርዲስቱ ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ እያየ ይጫወታል፤ ይሄን አይቼ ትንሽ አፈርኩ።

ሚክሰር የለም። ማለቴ አለ፣ ግን ሥራ የለውም። ሁለት ማይክ ብቻ ስትጠቀም ዘፋኟንና ፒያኖውን የምታመጣጥነው በሰዎቹ አቋም ነው። ፒያኖው በዛ? ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ነይ። ድምፅሽ በዛ? አንድ ጫማ ወደ ግራ። እንዲህ እንዲህ እያልን አንድ ሰዓት ፈጀንና ልክ የሆነው ቦታ ላይ ወለሉን በነጭ ፕላስተር ምልክት አደረግንበት። ለክፉ ቀን ብዬ አንድ ሦስተኛ ማይክ ፒያኖው አጠገብ አስቀመጥኩ። እሱን ከዋናዎቹ ጋር ስትቀላቅል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ከፒያኖው እስከ ዋናዎቹ ማይኮች 3 ሜትር ካለ፣ ቅርቡ ማይክ ወደ 9 ሚሊ ሰከንድ ቀድሞ ይሰማል። ካላስተካከልከው ድምፁ እየተጋጨ ይቦረቦራል፣ ፒያኖው በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የገባ ይመስላል። ፒያኖው አጠገብ አንዴ ጨብ አድርጌ አጨበጨብኩ። በኋላ በቅርቡና በሩቆቹ ማይኮች የተቀዱትን ሁለቱን ጭብጨባዎች ስክሪን ላይ አስተያይቼ አገናኘኋቸው።

ደረጃውን ለማስተካከል «በናትሽ አሁን አትቆጥቢ፣ ያለሽን ትልቁን አውጪው» አልኳት። አወጣችው። ድምፁ መቀደድ ከሚጀምርበት ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም አደረግሁና ከዚያ በኋላ ጌይኑን አልነካሁም። 24 ቢት በሚባለው ጥራት ስትቀዳ ዝቅ ማለት ጉዳት የለውም፤ ቦታ ሞልቷል። ከዚያ ሻይ የሚያፈሉልን እናት ከጓዳ ብቅ አሉና «እኔስ?» አሉ። እልል አሉ። ደረጃው ከሶፕራኖዋ ብዙም አልራቀም! ቆርቆሮውም ግድግዳውም መለሰላቸው። ሶፕራኖዋ ሳቀች፤ «ትምህርት ቤታችን ውስጥ ይሄን ለማስተማር አራት ዓመት ይፈጅባቸዋል» አለች።

ቅዳሜ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ። ለነገሩ ሁለት ሰርግ ትቻለሁ፤ ሚስቴ እስካሁን ታነሳዋለች። ሰዓቱን የመረጥነው አስልተን ነው። የአስር ሶላት አዛን 9 ሰዓት ተኩል አልፎ ይጠራል፣ የመግሪቡ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ። በመሀል ያለችውን ክፍተት ይዘን ከ10 ሰዓት ሩብ እስከ 12 ሰዓት እንጨርሳለን። ባጃጆቹን ግን ምንም ማድረግ አይቻልም።

ወደ 120 ሰው መጣ። አያቷ ከፊት፣ ነጭ በነጭ ለብሰው። ስልክ አጥፉ ተባለ፤ ግማሹ አጠፋ። ሰው ሲሞላ አዳራሹ ተቀየረ። ጠዋት ባዶውን ሲያስተጋባ የነበረው ቤት ረጋ አለ፤ የሰው ገላ፣ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሁሉም ድምፅ ይጠጣል፣ በተለይ ቀጭኑን። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ መብራት ሄደ።

እኔ በልምድ ዘልዬ ተነሳሁ። ሰርግ ላይ መብራት ሲሄድ ያለውን ታውቃላችሁ፤ ዘፈኑ መሀል ላይ ይሞታል፣ «ጄኔሬተር!» ይባላል፣ ሙሽራው ይቆጣል፣ እኔ እሮጣለሁ። እዚህ ግን ምንም አልሆነም። ዘፋኟ ቀጠለች። ፒያኒስቱ ቀጠለ። በመስኮቱ የማታ ፀሐይ ይገባል። ላፕቶፔ ባትሪ አለው፣ ማይኮቹን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው ሳውንድ ካርድ ኃይሉን ከላፕቶፑ ይጠጣል፣ ለማይኮቹ የሚያስፈልገውንም 48 ቮልት እሱ ይሰጣል። ቆሜ ቀረሁ። በሙያዬ ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ መብራት ጠፍቶ የማይቆም ሙዚቃ። አንዳንዱ ሰው መብራት መሄዱንም አላወቀም።

እንዲያውም ተሻለ። ቀን ሙሉ ሄድፎኔ ውስጥ አንድ «ዝዝዝ» የሚል ነገር ነበር። ገመድ ቀየርኩ፣ ሶኬት ቀየርኩ፣ አልጠፋም። የጣሪያው ረጃጅም አምፖሎች ኖረዋል። ኤሌክትሪካችን 50 ኸርዝ ነው፣ አምፖሎቹ በእጥፉ፣ በ100 ኸርዝ ይጮኻሉ። መብራት ሲሄድ ድምፁ ቁርጥ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀረጻ ከበፊቱ ይጠራል፤ ማንም ሰምቶ ሊለየው ይችላል። ከእንግዲህ አምፖል አጥፍቼ ነው የምቀዳው።

ከዚያ አይዳ መጣች።

ታሪኩን ለማታውቁ፦ አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፣ ተማርካ ግብፅ ውስጥ ባሪያ ሆናለች። አባቷ አሞናስሮ ይባላል፤ እንዲህ የሚባል ሰው ወሎም ሌላ ቦታም ገጥሞኝ አያውቅም። ሙዚቃውን የጻፈው ጣሊያናዊው ቬርዲ ነው። መጀመሪያ የታየው ካይሮ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ነው፤ ቬርዲ ራሱ ግን ካይሮ አልሄደም። (ከ4 ዓመት በኋላ እውነተኛው የግብፅ ጦር ጉንደት ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጦር ጋር ተገናኘ። እዚያ የሆነው ነገር ኦፔራ አይደለም።) ሦስተኛው ክፍል ላይ አይዳ በሌሊት ዓባይ ዳር ቆማ አገሬን ዳግም አላያትም እያለች ትዘፍናለች። ልጅቷ ከመጀመሯ በፊት ይህንን በአማርኛ ለሰው ነገረች። «ትዝታ ነው» አለች፣ «ጣሊያንኛ ትዝታ።» አዳራሹ ገባው። የተሰደደ ልጅ የሌለው ቤት የትኛው ነው?

ዘፈኑ ቀስ ብሎ ይጀምርና መጨረሻው አካባቢ እስከ ላይኛው ዶ ይወጣል። ከዚያ ይረግብና እንደ ክር ቀጥኖ ያልቃል። ላይኛው ዶ ከ1,000 ኸርዝ ትንሽ ያልፋል። ወጣችበት። ስክሪኔን አላየሁም፤ እሷን ነው ያየሁት። ከዶው ስትወርድ፣ ያቺ ቀጭኗ ክር ልትመጣ ስትል፣ ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ሴት እልል አለች። ረጅም፣ ከአንጀት የወጣ እልልታ። ሌሎች ሁለት ተቀበሏት።

ፒያኒስቱ ቀና አለ። ልጅቷ ግን አልቆመችም። ድምፁን ይዛው ቆየች፣ እልልታው ሲረግብ ክሯ ከስር አሁንም አለች። ከዚያ አለቀ። እኔ እንባ አልወጣኝም፣ ግን ማይኩን የሚጠብቀው ረዳቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

አያቷ ጨዋታው ሲያልቅ «ልጄ፣ ጥሩ ነው፤ ምነው ታዲያ አንድ አምባሰል?» አሉ። አምባሰል፣ ባቲ፤ ቅኝቶቻችን የአገር ስም ናቸው፣ ማሪቱ ለገሰን እየሰማን ነው ያደግነው፣ እምቢ አይባልም። ዘፈነችላቸው። እዚህ ላይ አልዋሽም፤ ቀረጻው አልተሳካም። መጀመሪያ በላይኛው ድምፅ ሞከረችው። ሶፕራኖ እዚያ ላይ ስትሆን አፏ በጣም ስለሚከፈት «ኢ»ውም «ኡ»ውም «ኣ» ይመስላል። ጣሊያንኛው ላይ ማን ያውቃል? የአምባሰል ግጥም ግን አንድ ቃል ከተዋጠ ሰምም ወርቅም የለም። እሷም ገባት፣ ወደ ታች ወርዳ እንደ ንግግር አድርጋ ዘፈነችው። አያቷ አለቀሱ። ያን ጊዜ ደግሞ የእኔ ማይክ 2 ሜትር ተኩል ርቆ ወንበር ሲንቋቋ፣ ሕፃን ሲያነጥስ ይቀዳል። ለእሱማ ያ የድሮው የስንዝር ተኩል ማይክ ነበር የሚያስፈልገው።

ሰኞ ማታ ስቱዲዮዬ ቁጭ ብለን አዳመጥን። ኮምፕሬሰር የለም፣ ጥቂት ማስተካከያ ብቻ። ለሰርግ ዘፈን እንደማደርገው ሁሉንም እኩል ላድርገው ብዬ ለሙከራ ጫንኩበት፤ ዶዋም ክሯም አንድ ሆኑ፣ ዘፈኑ ሞተ። አነሳሁት። ሰው በስልኩ ሲሰማ መጀመሪያው ዝቅ ይልበት ይሆናል፤ ድምፁን ይጨምራ።

«እልልታውን አውጣልኝ» አለች።

ጠዋት ባዶ አዳራሽ ውስጥ የቀዳነው ሌላ ሙከራ ነበረ፤ ከሱ ያቺን ቦታ ብቻ ቆርጬ ልለጥፍ ሞከርኩ። ማይኩ ያው፣ ቦታው ያው፣ ፒያኖው ያው። ግን አይገጥምም። ባዶው አዳራሽ ያስተጋባል፣ ሰው የሞላው አያስተጋባም። በመሀል ለስድስት ሰከንድ 120 ሰው ከቤቱ ወጥቶ የተመለሰ ይመስላል። ሦስት ጊዜ ሰማነው።

«ማን ናት ግን?» አለች። አራተኛ ጊዜ ከፈትኩላት። ሄድፎኑን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫነችው። «አክስቴ ናት እኮ!»

«ታዲያ ላውጣት?»

«ተዋት በናትህ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ የመንዙማ ሥራ መጣልኝ። አስራ ሁለት ሰው፣ አንድ ድቤ። እስከ ዛሬ የምሠራው አውጪው አፍ ላይ አንድ ማይክ፣ ድቤው ላይ አንድ፣ ተቀባዮቹ ደግሞ በተረፈው ገመድ። ሁልጊዜም ተቀባዮቹ ከሌላ ቤት የመጡ ይመስላሉ፤ ይሄ የማይኩ ሳይሆን የእኔ ጥፋት እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። የኮምቦልቻውን ሰውዬ ማይኮች አልመለስኩም ነበር (አውቃለሁ፣ አውቃለሁ)። ሰዎቹን ግማሽ ክብ አስቀመጥኳቸውና ሁለቱን ማይኮች ከፍ አድርጌ ፊት ለፊት አቆምኩ። ልጄ ፕሮትራክተሩን ደብቃብኛለች፤ ዲግሪውን በዓይኔ ገመትኩ።

አውጪው ሽማግሌ ናቸው፤ ስንት ዓመት አብረን ሠርተናል። ተቀምጠው ግራ ቀኝ አዩ፣ አፋቸው ፊት ምንም የለም።

«ልጄ፣ የኔ ማይክ የታለ?»

ወደ ላይ ጠቆምኳቸው። ቀና ብለው አይተው እኔን አዩኝ።

«ሩቅ አይደለም?»

«አብሽሩ» አልኳቸው።